በሞንትጎመሪ ካውንቲ አዲስ ቤት መግዛት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን የሚገኘው የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በዛፍ በተሸፈኑ መንደሮቹ የታወቀ ነው፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ለሥራ ወደ ዋና ከተማዋ ይመላለሳሉ። በካውንቲው ደቡብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አገር አይደለም፤ ካውንቲው ራሱ ከ2012 ጀምሮ ከጎንደር ጋር በእህትማማችነት ተሳስሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰብ ሲሰፋና የአፓርትመንት ኪራይ ሲከብድ ዓይን የሚያርፈው ወደ ሰሜን፣ በ270 አውራ ጎዳና መስመር በጀርመንታውንና በክላርክስበርግ በሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ላይ ነው። ስለ እነዚህ ቤቶች ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር እስከ ለቅሶ ቤት የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው፤ ከፊሉ ጠቃሚ ሲሆን ከፊሉ ገዥውን ለማያስፈልግ ወጪ ይዳርጋል። የስሕተቱ ምንጭ በአብዛኛው አንድ ነው፦ በዓይን የታየው ቤትና በውሉ ላይ የተጻፈው ቤት አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ።

«የተለጠፈው ዋጋ የቤቱ ዋጋ ነው»

«ከዚህ ጀምሮ» ተብሎ የሚለጠፈው የመነሻ ዋጋ ነው። ለጎብኚ የሚከፈተው ሞዴል ሆም ቢልደሩ (ቤቶቹን ሠርቶ የሚሸጠው ኩባንያ) ያሉትን ተጨማሪዎች አሟልቶ የሚያሳይበት ቤት ስለሆነ፣ የኩሽናው ድንጋይ፣ የተጠናቀቀው ቤዝመንት፣ ከኋላ ያለው ዴክና አንዳንዴም ከመስኮቶቹ የተወሰኑት በመነሻው ዋጋ ውስጥ አይገኙም። ጥግ ላይ ላለ ወይም ጀርባውን ለጫካ ለሰጠ ቦታም ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። ስለዚህ ሞዴሉን ሲጎበኙ በመነሻው ዋጋ የሚገኘው የትኛው እንደሆነ ክፍል በክፍል መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት ለቢልደሩ ተጨማሪ መክፈል የሚያዋጣው፣ ለቤዝመንት መታጠቢያ ቤት አስቀድሞ እንደሚቀበር ቧንቧ፣ በኋላ ወለል ወይም ግድግዳ ሳይፈርስ ሊሠራ በማይችል ነገር ላይ ብቻ ነው። መብራትና ቀለም በ30 ዓመት ብድር ከነወለዱ ከሚገዙ፣ ቤቱ ከተገባ በኋላ ቀስ ተብሎ ቢገዙ ይሻላል።

በዚህ ላይ የክሎዚንግ፣ ማለትም ሰነድ ተፈርሞ ግዢው የሚጠናቀቅበት ቀን፣ ወጪ ይታከላል። የንብረት ማዛወሪያና የምዝገባ ግብር በሜሪላንድ በተለምዶ ገዥና ሻጭ የሚካፈሉት ቢሆንም፣ የቢልደሮች ውል ሙሉውን በገዥው ላይ የሚጥል አንቀጽ ሊይዝ ይችላል። የግዛቲቱ የማዛወሪያ ግብር 0.5 ከመቶ ሲሆን፣ በሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኖሪያ ቤት የሚገዛ ሰው ይህንኑ በመሐላ ቃል ካረጋገጠ ወደ 0.25 ከመቶ ዝቅ ይላል።

«20 ከመቶ ቅድመ ክፍያ የሌለው ሰው አይሞክረው»

ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር (ኤፍ ኤች ኤ) ዋስትና የሚሰጠው ብድር የክሬዲት ነጥቡ 580ና ከዚያ በላይ ለሆነ ተበዳሪ በ3.5 ከመቶ ቅድመ ክፍያ ይፈቀዳል፤ መደበኛ ብድርም ለመጀመሪያ ጊዜ ገዥ በ3 ከመቶ ሊገኝ ይችላል። የትንሽ ቅድመ ክፍያ ዋጋው፣ ተበዳሪው ዕዳውን ባይከፍል አበዳሪውን የሚክሰው የሞርጌጅ ኢንሹራንስ ነው። በመደበኛ ብድር ላይ፣ በ1998 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ዕዳው ከቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ 80 ከመቶ ሲደርስ ተበዳሪው ኢንሹራንሱ እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል፤ 78 ከመቶ ሲደርስ ደግሞ ሳይጠይቅም ሊነሣለት ይገባል። በኤፍ ኤች ኤ ብድር ግን ከ10 ከመቶ በታች የከፈለ ሰው ኢንሹራንሱን እስከ ብድሩ ፍጻሜ ይከፍላል።

«የዕቁብ ገንዘብ ለቅድመ ክፍያ አይሆንም»

በዚህ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው ዕቁብ በአሜሪካ አበዳሪዎች ዘንድ ቦታ የለውም የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕጣ በወጣ ማግሥት ጥሬ ገንዘቡን ባንክ አስገብቶ ወደ ክሎዚንግ መሄድ ይቻላል የሚለው ነው።

ኤፍ ኤች ኤ አባላት ራሳቸው በሚያስተዳድሩት የቁጠባ ማኅበር የተገኘን ገንዘብ በመመሪያው ይቀበላል። አበዳሪው ግን ማኅበሩ በእርግጥ መኖሩንና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ገንዘቡ በተበዳሪው እጅ መግባቱን፣ እንዲሁም የተጠራቀመ እንጂ የተበደረ አለመሆኑን በሰነድ ማረጋገጥ ይኖርበታል። መደበኛ ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፋኒ ሜይም ተበዳሪው በየጊዜው ማዋጣቱን እስካሳየ ድረስ በጋራ የተጠራቀመ ገንዘብን ይቀበላል፤ ወደፊት የሚቀርበትን መዋጮ ግን እንደ ወርኃዊ ዕዳ ቆጥሮ ከገቢው ጋር ይመዝነዋል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ዕቁብተኞች የማያስቡት ነው። በመጀመሪያው ዙር የወጣለት ሰው በእጁ ያለው ገንዘብ በአብዛኛው የሌሎች ነው፤ ቀሪዎቹን ዙሮች ሁሉ መክፈል ስላለበት በአበዳሪው ዓይን የተበደረ ሊመስል ይችላል። መጨረሻ ላይ የወጣለት ሰው ግን የተቀበለው የገዛ ራሱን ቁጠባ ነው። ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው የመጀመሪያውን ዕጣ ከሚመኝ ወደ መጨረሻው አካባቢ እንዲደርሰው ቢስማማ ይጠቀማል።

ሰነዱን በተመለከተ፣ መዋጮው በእጅ ከሚሰጥ በባንክ ቢተላለፍ፣ ዳኛውና ጸሐፊው የአባላቱን ስም፣ የመዋጮውን መጠንና ዕጣው የወጣበትን ቀን የያዘ ጽሑፍ ቢፈርሙ ጉዳዩ ይቀላል። አበዳሪዎች በተለምዶ የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ስለሚጠይቁና በዚያ ውስጥ ለሚታይ ትልቅ ገቢ ምንጩን ስለሚመረምሩ፣ ገንዘቡ ከብድር ማመልከቻው ብዙ ቀደም ብሎ ባንክ ቢገባ መልካም ነው። ጥያቄን ለመሸሽ ሲባል የሚመከሩት ሁለት «ብልሃቶች» ግን አደገኛ ናቸው። ባንኮች ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ሪፖርቱ ራሱ ማንንም አይጎዳም፣ ከእርሱ ለማምለጥ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማስገባት ግን ወንጀል ነው። የዕቁቡን ገንዘብ «ወንድሜ በስጦታ የሰጠኝ ነው» ብሎ ማስፈረምም ለአበዳሪ የሐሰት ቃል መስጠት በመሆኑ በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል።

«አዲስ ቤት ምርመራ አያስፈልገውም»

የካውንቲው ተቆጣጣሪ የሚያየው ግንባታው የሕንፃ ደንቡን ማሟላቱን ነው፤ በርና መስኮቱ በደንብ መገጠሙን ወይም የጓሮው ውኃ ወደ ቤዝመንት እንዳይፈስ መሬቱ በትክክል መስተካከሉን ገዥውን ወክሎ አያይም። ገዥው በራሱ ወጪ የሚቀጥረው ኢንስፔክተር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የግድግዳው ሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት ሲገባ ነው፤ ሽቦው፣ ቧንቧውና እንጨቱ በግልጽ የሚታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነውና። ኢንስፔክተሩ በዚያ ደረጃ መግባት እንደሚችል ውሉ ላይ ካልተጻፈ ቢልደሩ ሊከለክል ስለሚችል፣ ጉዳዩ ከፊርማ በፊት መነሣት አለበት። ለአሠራር ጉድለት የሚሰጠው ዋስትና በተለምዶ አንድ ዓመት በመሆኑ፣ በ11ኛው ወር ቤቱን ዳግም አስመርምሮ የጉድለቱን ዝርዝር በጽሑፍ ማስገባት ብልህነት ነው። ሞንትጎመሪ በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ካርታ ላይ ከፍተኛ የራዶን ጋዝ ሊኖርባቸው ከሚችሉት አካባቢዎች ተመድቧል። ጋዙ ሽታም ቀለምም ስለሌለው አዲስ ቤትም ቢሆን መለካት አለበት፤ ልኬቱ በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኩሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ማስወገጃ እንዲተከል ይመከራል።

«የሽያጭ ቢሮዋ ልጅ ጥሩ ናት፣ ሁሉንም ትነግረኛለች»

ጥሩ ልትሆን ትችላለች፤ የምትወክለው ግን ቢልደሩን ነው። የራሱ ኤጀንት እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው ኤጀንቱን ከመጀመሪያው ጉብኝት ጀምሮ ይዞ መሄድ አለበት፤ ብዙ ቢልደሮች በመጀመሪያው ቀን ያልተመዘገበን ኤጀንት ኮሚሽን አይከፍሉምና። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የብሔራዊው የሪልተሮች ማኅበር አባል የሆነ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት ከገዥው ጋር የጽሑፍ ስምምነት መፈራረም ስላለበት፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና ቢልደሩ ባይከፍል ማን እንደሚከፍል እዚያው ይታያል። ቢልደሩ የራሱን አበዳሪ ለሚጠቀም ገዥ ቅናሽ መስጠቱ የተለመደ ነው። ቅናሹ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የወለዱ መጠን ከፍ ብሎ መልሶ እንዳይወስደው ከሌላ አበዳሪ የተጻፈ ግምት አምጥቶ ማነጻጸር ይገባል።

«ወርኃዊው ክፍያ በክሎዚንግ ቀን የተነገረው ነው»

አዲስ ቤት የገቡ ቤተሰቦችን በሁለተኛው ዓመት የሚያስደነግጠው ይህ ነው። የንብረት ግብሩ መጀመሪያ ላይ በባዶው መሬት ግምት ብቻ ሊሰላ ይችላል፤ ቤቱ ተገምቶ ሲታከልበት ግብሩ ያድጋል፣ አበዳሪው ለግብር ብሎ በየወሩ ይሰበስብ የነበረው ገንዘብም ሳይበቃ ይቀራል። ያን ጊዜ ያለፈው ጉድለትና የወደፊቱ ጭማሪ በአንድነት ወርኃዊው ክፍያ ላይ ይጫናሉ። መፍትሔው ከክሎዚንግ በፊት ሙሉው ቤት ቢገመት ግብሩ ስንት እንደሚሆን አስልቶ ልዩነቱን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለብቻ ማስቀመጥ ነው። በሜሪላንድ ንብረት በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይገመታል። ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሆምስቴድ ቅናሽ ግብር የሚከፈልበት ግምት በካውንቲው በዓመት ከ10 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ቢገድብም፣ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ካላመለከተ አያገኘውም።

ከዚህ ሌላ የቤት ባለቤቶች ማኅበር መዋጮ አለ፤ በአንዳንድ አዳዲስ መንደሮች ደግሞ የውኃና የፍሳሽ መስመሩን የዘረጋው አልሚ ወጪውን ከባለቤቶቹ ለ20 ዓመትና ከዚያ በላይ በየዓመቱ የሚሰበስብበት ክፍያ ይኖራል። ይህ ከወርኃዊ የውኃ ሒሳብ የተለየ ዕዳ ነው፤ በውሉ ውስጥ ስለሚገለጽ ፈልጎ ማንበብ ነው።

«ከጓሮ ያለው ጫካ ይቆያል፤ በካርታው ላይ ያለው ሱቅም ይሠራል»

በ1980 የተቋቋመው የካውንቲው የእርሻ ክልል 93,000 ኤከር ገደማ፣ ማለትም የካውንቲውን አንድ ሦስተኛ የሚያህል መሬት ይሸፍናል፤ በዚያ የሚፈቀደው በ25 ኤከር አንድ ቤት ብቻ ነው። ይህ ጥበቃ ግን ከክልሉ ውጭ ያለን ዛፍ ሁሉ አይጠብቅም። ከጓሮ ያለው ጫካ የደን ጥበቃ ግዴታ የተመዘገበበት መሬት ሊሆን ይችላል፣ ወይም የሚቀጥለው ምዕራፍ ግንባታ የሚያርፍበት። ጥያቄው የሚመለሰው በካውንቲው የፕላን መሥሪያ ቤት ካለው የቦታ ፕላን ነው።

ክላርክስበርግ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። የ1994ቱ ማስተር ፕላን በእግር የሚዞሩበት የከተማ ማዕከልና ፈጣን የሕዝብ ማመላለሻ መስመር ያለው ከተማ አስቦ ነበር። ነዋሪዎች ቀድመው ገቡ። በ2005 እነርሱ ራሳቸው ሰነዶቹን ሲመረምሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች የተፈቀደውን ቁመት ወይም ከመንገድ ሊርቁ የሚገባቸውን ልክ ሳይጠብቁ መሠራታቸውን አጋለጡ፤ የተባለው የገበያ ማዕከልም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይሠራ ቆየ። በአንጻሩ በ2014 የካውንቲው ምክር ቤት ቴን ማይል ክሪክ የተባለውን ጅረት ውኃ ለመጠበቅ ሲል በአካባቢው ሊሠራ የታሰበውን ግንባታ ቀንሷል። ፕላን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይለወጣልና፣ ለሱቅ ወይም ለባቡር ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፈለው ቆሞ ለሚታየው ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

«ባቡር አለ፤ ትምህርት ቤቱም ይኸው ነው»

የሜትሮው ቀይ መስመር ሻዲ ግሮቭ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በስተሰሜን ላለ ሰው ማርክ የተባለው የሜሪላንድ የመንገደኞች ባቡር ቢኖርም በሥራ ቀናት ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት የሚያመላልስ ነው። ሌሊት ለሚሠራ ነርስ ወይም ለሆቴል ሠራተኛ አይሆንም። የትምህርት ቤት ክልልም ቋሚ አይደለም፤ በ2019 የትምህርት ቦርዱ የክላርክስበርግን፣ የኖርዝዌስትንና የሴኔካ ቫሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወሰን እንደገና አካልሏል።

«በቅናሽ የሚሸጡት ቤቶች ሌላ ሰፈር ናቸው»

ካውንቲው በ1974 ባወጣው ሕግ መሠረት 20ና ከዚያ በላይ ቤቶች ያሉት አዲስ ልማት ቢያንስ 12.5 ከመቶውን ገቢያቸው መካከለኛ ለሆኑ ቤተሰቦች በቅናሽ ማቅረብ አለበት፤ ቤቶቹም በአብዛኛው በገበያ ዋጋ ከተሸጡት ጋር በአንድ መንደር ይገኛሉ። ፕሮግራሙ ኤም ፒ ዲ ዩ ይባላል። አመልካቹ በቤተሰቡ ቁጥር የተወሰነውን የገቢ ጣሪያ ማሟላት፣ የገዥዎችን ትምህርት መከታተልና ከአበዳሪ የብድር ማረጋገጫ ማቅረብ ይኖርበታል። የሚገዛው ሊኖርበት እንጂ ሊያከራየው አይደለም፤ በ30 ዓመቱ የቁጥጥር ዘመን ውስጥ ከሸጠውም ዋጋውን የሚወስነው ገበያው ሳይሆን የካውንቲው ቀመር ነው። ቤት የሚፈልገው አትርፎ ለመሸጥ ከሆነ አይስማማውም፤ ልጆቹን በአንድ ሰፈር ለማሳደግ ለሚፈልግ የሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይ ግን ከማንኛውም የቢልደር ቅናሽ በፊት ሊያየው የሚገባ ነው።