ለአፍ ማቃጠል የሚሰጥ ዝቅተኛ ኃይል ሌዘር ምንድን ነው?

ስኳር ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች በርበሬ ሳይቀምሱ ምላሳቸው ይለበልባቸዋል። ሐኪሙ አፋቸውን ሲያይ ቁስል የለም። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ቀለል ይልና ወደ ማታ ይብሳል፤ የሚበረታውም የምላስ ጫፍና ጠርዝ፣ ላንቃና የከንፈር ውስጥ ላይ ነው።

ለዚህ ከሚሞከሩት ሕክምናዎች አንዱ የሆነው ይህ ሌዘር አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሚሊዋት በታች ነው። ብርሃኑም ቀይ (የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር ገደማ) ወይም ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ (ከ800 በላይ) ነው። ብርሃኑን የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ይቀበለውና የኃይል ምርቱን ይጨምራል፤ የተቆጣው ነርቭም በዚሁ ይረጋጋል ተብሎ ይታሰባል። መነሻው በ1967 እ.ኤ.አ. ሃንጋሪያዊው ሐኪም እንድሬ ሜስተር በተላጩ አይጦች ላይ ያደረገው ሙከራ ነው፤ ሌዘር የበራበት ቦታ ጸጉሩ ቶሎ በቀለ።

ሌዘሩ ከመነካቱ በፊት ግን ሌላ መንስኤ ይፈለግ። የስኳር መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ያወርዳል፤ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሆነ አጽዋማቱን በሙሉ የሚጾም ሰው ላይ ጉድለቱ ይደራረባል። ለደም ግፊትና ለኩላሊት የሚታዘዘው ኢናላፕሪልም አፍ ሊያቃጥል ይችላል። የብረት እጥረት፣ የአፍ ድርቀት፣ በሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር የተደበቀ ፈንገስም አለ። ሌዘር ቢ12 አይሞላም፣ ፈንገስም አያጠፋም።

መጠኑ የሚለካው በጁል ነው፤ ዋት በሰከንድ ተባዝቶ። 100 ሚሊዋት ለ40 ሰከንድ ቢበራ 4 ጁል ይሆናል። የምላስ ጫፍ ላይ 3፣ በየጠርዙ 4 ነጥብ፣ በአንድ ሳንቲሜትር ርቀት ቢያዝ 11 ነጥብ ነው፤ ሰባት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። የብርሃኑ ስፋትም ይቆጠራል፦ 4 ጁል በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ ሲያርፍና በሩብ ላይ ሲያርፍ፣ ሁለተኛው አራት እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ «አሥር ደቂቃ አበራንለት» የሚል መዝገብ ምንም አይነግረንም።

የተለመደው ስህተት መሣሪያውን እንደ ብሩሽ ማንሸራተት ነው። ምላሱ በሕክምና ጨርቅ (ጎዝ) ይደረቅ፤ የመሣሪያው ጫፍ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ነጥቡን ሳይለቅ ይያዝ። አብዝቶ ማብራትም አያዋጣም፤ መጠኑ ሲያልፍ ጥቅሙ ይቀንሳል። ለሞገዱ የተሠራ መነጽር ባለሙያውም ታካሚውም ያድርጉ፤ ኢንፍራሬድ ስለማይታይ ዓይን ተርገብግቦ ራሱን አይከላከልም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ወይም የማይጠረግ ነጭ ወይም ቀይ ጠቃጠቆ ካለ ሌዘሩ ይቅርና ናሙና ተወስዶ (ባዮፕሲ) ይመርመር።

እስካሁን ያሉት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ የሰጡት የሌዘር መጠንም የተለያየ ነው። በዚህ ሕመም ደግሞ የውሸት ሌዘር (ለማነጻጸር ብቻ የሚደረግ፣ ሕክምና የሌለው) የተደረገለትም ሰው ተሻለኝ ይላል። ስለዚህ ሕመሙ በየቀጠሮው ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይመዝገብ፣ ሰዓቱም አንድ ይሁን። ባለፈው ማታ 7 ያለ ሰው ዛሬ ጠዋት 3 ቢል ሌዘሩ ሠራ ማለት አይደለም፤ ገና አልመሸም።