የካናዳ የገና ዛፍ ጉና ላይም አይበቅልም

ታኅሣሥ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ባሕር ዳር ውስጥ ችግኝ እያፈላሁ የምሸጥ ሰው ነኝና ስለ ገና ዛፍ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። መጠየቁን አልጠላም። የሚያሰለቸኝ በየዓመቱ ያው አንድ ዓይነት ስህተት መስማቴ ነው። ዘንድሮ ጽፌ ለሚደውል ሁሉ ልልክለት ወስኛለሁ። በጥቅስ ያስቀመጥኩት ሰዎቹ የሚሉኝን ነው፤ የኔ መልስ ይከተላል።

የማወራው ካናዳ ውስጥ ለገና ስለሚያቆሙት፣ ፈር ስለሚባለው ዛፍ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ አቢየስ ይሉታል። ከካናዳ እስከ ሳይቤሪያ ባሉት የሰሜን ደኖች በብዛት ይገኛል። ፊልም ላይ በረዶ ተሸክሞ የምታዩት ሾጣጣ ዛፍ ብዙ ጊዜ እሱ ወይም ዘመዱ ስፕሩስ ነው።

«እኛ ግቢ አለ።» የለም። እናንተ ግቢ ያለው የፈረንጅ ጥድ ነው፤ እሱ ደግሞ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ነው።

«አፍሪካ ውስጥ ጭራሽ የለም።» ሞሮኮና አልጄሪያ ተራሮች ላይ አለ።

«ቅጠሉ አይረግፍም።» ይረግፋል። እያንዳንዱ ቅጠል ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ይወድቃል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለማይወድቁ አይታወቅም እንጂ።

«ፍሬውን ከሥሩ ለቅሜ አመጣሁ።» ያመጣችሁት የፈር አይደለም። የፈር ኮን (ዘሩን የሚይዘው ቅርፊታም ፍሬ) ቅርንጫፉ ላይ ሽቅብ ቆሞ ይበስልና እዚያው ይፈራርሳል። እንስሳ ቆርጦ ካልጣለው በቀር ሙሉውን መሬት ላይ አታገኙትም። ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሙሉውን የሚወድቀው የስፕሩስ ነው።

«ብርድ ይወዳል፤ ደጋ ወስደን እንትከለው።» ጨጓራዬን የምትልጠው ይቺ ናት።

ካናዳ ያለ ዘመድ ዘር በፖስታ ይልካል (ዘር ያለ ፈቃድ ማስገባት ክልክል መሆኑን ማን ይንገራቸው)። ተቀባዩ ይዞልኝ ይመጣል። «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ይሞቃል ካሉ ጉና፣ ካልሆነም ጮቄ እንውሰደው» ይለኛል። ጉናም ጮቄም ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። ይበርዳሉ፣ ማን ካደ? ግን ብርዳቸው የሌሊት ብርድ ነው። ሌሊት ውርጭ ይመታል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ትጠብሳለች። የተራሮቹ ዕፅዋት ጅብራና አስታ ይህን ለምደው የኖሩ ናቸው። የፈር አገር ብርድ ሌላ ነው። ወራት ይዘልቃል፤ አንዳንዴም ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይወርዳል። ዛፉ ያን ጊዜ ይተኛል። በጋ ሲመጣ እምቡጡ እንዲፈነዳ ሳምንታት የዘለቀ ቅዝቃዜ ማግኘት አለበት። ዘሩም ቢሆን በደንብ የሚበቅለው አንድ ወር ገደማ እርጥበትና ቅዝቃዜ ውስጥ ሲቆይ ነው።

ሰው ጨርሶ የማያስበው ደግሞ የቀኑን ርዝመት ነው። ሞንትሪያል ላይ አጭሩ ቀን 9 ሰዓት አይሞላም፣ ረጅሙ ከ15 ሰዓት ያልፋል። ባሕር ዳር ላይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በአጭሩና በረጅሙ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከምናምን ቢሆን ነው። የሰሜን ዛፍ ቀን ሲያጥርበት በረዶ ሊመጣ መሆኑን ያውቃል። ማደጉን ያቆማል፣ እምቡጡን ይዘጋል። እዚህ የሚያድግበት ረጅም ቀን ስለሌለ ገና በልጅነቱ ይዘጋል። ተራራ ብትወጡ ብርድ ታገኛላችሁ፤ የቀኑ ርዝመት ግን ያው ነው።

አንድ የማውቃቸው መምህር አልሰማም አሉ። ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። በቀለ። «አላልኩህም?» ብለው ፎቶ ላኩልኝ። ችግኙ ጣት አከለ፣ ጫፉ ላይ እምቡጥ ቋጠረ፣ በቃ። ወራት እዚያው ቆመ። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ደረቀ። ቢያንስ ፍሪጃቸው ለምግብ ተመለሰ።

«ታዲያ የጓቲማላውስ?» ያለኝ ጎበዝ ተማሪም አለ። ልክ ነው፤ ጓቲማላና ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ፈር አለ። ግን የራሱ ዝርያ ነው፣ እዚያው ሲላመድ የኖረ። ካናዳ የተለቀመ ዘር የጓቲማላን ጠባይ ከየት ያመጣል?

«ትል የመታው ደን አለቀለት።» አላለቀለትም። የምሥራቅ ካናዳን ደን በየ30 እስከ 40 ዓመቱ የሚወርር የእሳት ራት ትል አለ። አብዝቶ የሚበላው ባልሳም የሚባለውን ፈር ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ይሞታሉ። ከሥራቸው ግን ጥላ ችለው ለአሥርት ዓመታት የጠበቁ ድንክዬ ፈሮች አሉ። ብርሃን ሲከፈትላቸው ይመነጠቃሉ። ፈርን ክፉኛ የሚጎዳው እሳት ነው። ቅርፊቱ ስስ፣ ሥሩ ላይ ላዩን ነው፤ እሳቱ ትንንሾቹንም አብሮ ይጨርሳል። የጣና ዳር ገዳማትን ደን ለምትንከባከቡም እግረ መንገዴን ልበል፦ «ግቢው ይጽዳ» እያላችሁ ከዛፍ ሥር ያለውን ችግኝ አትመንጥሩ፣ ከብትም አታስገቡበት። የነገው ደን እሱ ነው።

«ጥዴ መካን ነው፣ ልቁረጠው?» ተዉ! የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ፍሬ የማይዘው ወንዱ ነው፤ ያለ እሱ ብናኝ የሴቷ ዘር ባዶ ይሆናል። (ፈር ሁለቱንም ባንድ ዛፍ ላይ ይይዛል። ሴቴው ኮን ጫፍ አካባቢ፣ ወንዴው ዝቅ ብሎ።)

እንግዲህ የግድ ከፈር ጋር የሚዛመድ ዛፍ ከፈለጋችሁ አገራችን በተፈጥሮዋ ሁለት አሏት፦ የሐበሻ ጥድና ዝግባ። ዝግባ እርጥበት ያለው ጥልቅ አፈር ይወዳል። ቦታችሁ ሐይቁ ዳር ከሆነና ቶሎ ጥላ ከፈለጋችሁ ዋንዛ ትከሉ፤ ዶቅማም ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይ ትከሉ። ላስቲኩን ቅደዱና ጣሉት፤ ከነላስቲኩ ቀብሮ «ችግኝህ ሞተብኝ» የሚለኝ አለ። ለገና መብራት ማንጠልጠል ያማረው የጥድ ችግኝ በማሰሮ ይያዝ፤ በዓሉ ሲያልፍ ደጅ ያውጣው፣ ሐምሌ ሲደርስ መሬት ያስገባው። ፍየል ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያ አጥሩን ይጠር፣ ከዚያ ይደውልልኝ።