ፍራንቻይዝና ኔትወርክ ማርኬቲንግ፦ ከሐዋሳ ሲታዩ

ቅዳሜ ከሰዓት በፍቅር ሐይቅ ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ የተቀመጠ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፦ ሁለት ወጣቶች፣ ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ነጭ ወረቀት። ጋባዡ ወረቀቱ አናት ላይ ትንሽ ክብ ይሠራና «ይሄ አንተ ነህ» ይላል። ከክቡ ሥር ሁለት ክቦች፣ ከሁለቱ ሥር አራት፣ ወረቀቱ እስኪሞላ ይወርዳሉ። ተጋባዡ ሲጠራ የተነገረው «አንድ ጥሩ ጉዳይ አለ፣ በስልክ አይሆንም» የሚል ብቻ ነበር። ማኪያቶው ሲያልቅ ደግሞ ያው የተለመደ ማባበያ ይመጣል፦ ነገሩ ኔትወርክ ማርኬቲንግ ይባላል፣ እንደ ታላላቆቹ የምግብ ቤት ብራንዶች ፍራንቻይዝ ነው፣ ልዩነቱ ሚሊዮን ብር አለመጠየቁ ብቻ ነው።

ፍራንቻይዝ ማለት የንግድ ስም፣ ምልክትና የተፈተነ አሠራር ያለው ድርጅት፣ ሌላ ነጋዴ በዚያ ስም እንዲሠራ በውል የሚፈቅድበት ዘዴ ነው። ፈቃድ ተቀባዩ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያም ከሽያጩ በመቶኛ የሚሰላ ሮያሊቲ በየጊዜው ይልካል። በምላሹ ስሙን፣ ሥልጠናውንና ከሊጥ ክብደት እስከ አስተናጋጅ ልብስ ያለውን ሁሉ የሚደነግግ መመሪያ ያገኛል። ሬይ ክሮክ እ.ኤ.አ. በ1955 በኢሊኖይ የከፈተው የማክዶናልድ ምግብ ቤት ዘዴውን በዓለም ካስታወቁት አንዱ ነው። ወደ እኛ አገር ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በዚሁ መንገድ፣ በላይአብ ፉድስ በተባለ አገር በቀል ኩባንያ በኩል ነው።

ሐዋሳ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በከተማዋ የሚገኘው የሞሃ ለስላሳ መጠጦች ፋብሪካ ፔፕሲን የሚያመርተው በፈቃድ ነው፤ የመጠጡ ምሥጢር የባለቤቱ፣ ፋብሪካው፣ ሠራተኛውና ጭነት መኪናው ግን የአምራቹ። በአንጻሩ ሐይቁ ዳር ያለው የኃይሌ ሪዞርት፣ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ስም ስለሚታይ ፍራንቻይዝ ይመስላቸዋል ብዙዎች። አይደለም፤ ባለቤቱ በራሱ ስም ያሠራው ሆቴል ነው። ቅርንጫፍና ፍራንቻይዝ ከመንገድ ላይ ሲያዩዋቸው አይለዩም፤ የሚለያቸው ኪሳራው የሚወድቅበት ትከሻ ነው።

ኔትወርክ ማርኬቲንግ ሌላ ታሪክ አለው። ኑትሪላይት የተባለው የቪታሚን አምራች ምርት እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ፣ ሻጩ ራሱ ከሸጠው ብቻ ሳይሆን እሱ ያስገባቸው ሰዎች ከሸጡትም ድርሻ በሚያገኝበት ሥርዓት ይሸጥ ነበር። እዚያ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1959 አምዌይ የተባለውን የኔትወርክ ኩባንያ መሠረቱ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አምዌይን ከመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 ሕገ ወጥ ፒራሚድ (ገቢው ከዕቃ ሽያጭ ሳይሆን አዲስ ሰው ከማስገባት የሚመጣ ሥርዓት) አይደለም ሲል የወሰነው ኩባንያው ባወጣቸው ደንቦች ምክንያት ነበር፦ ያልተሸጠ ዕቃ መልሶ መግዛት፣ ሻጩ ከገዛው አብዛኛውን እንዲሸጥ ማስገደድ፣ ከአባላት ውጪ ላሉ ደንበኞች መሸጡን ማረጋገጥ። በዚያው ዓመት ኮሚሽኑ ፍራንቻይዝ ሻጮች ገዢው ከመፈረሙ በፊት ዝርዝር መረጃ በጽሑፍ እንዲሰጡት የሚያስገድደውን ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኸርባላይፍ የተባለው ሌላ የኔትወርክ ኩባንያ 200 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና የአከፋፈል ሥርዓቱን ለመለወጥ ከኮሚሽኑ ጋር ተስማማ።

ጥያቄው እንግዲህ ገንዘቡ የሚመጣው ከማን ኪስ ነው የሚለው ነው። ፒዛ ቤቱ የሚኖረው ፒዛ በሚበላ ሰው ነው፤ የሚበላው ሰው ፒዛ ቤት የመክፈት ሐሳብ የለውም። በኔትወርኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ራሱ ሻጭ ለመሆን የገባ ነው። የወረቀቱን ክቦች ትተን በቁጥር እንየው። «ስድስት ሰው ብቻ አምጣ» ይባላል። ስድስቱ ስድስት ስድስት ቢያመጡ 36፣ ቀጥሎ 216፣ 1,296፣ 7,776፣ 46,656 ይሆናል። ሰባተኛው እርከን 279,936 አዲስ ሰው ይፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ነዋሪ፣ የዙሪያው ገጠር ቀበሌዎች ተጨምረው፣ 258,808 ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ በጣም ሰፍታለች፤ ስምንተኛው እርከን ግን 1,679,616 ይላል። እንዲህ ያለው ዛፍ በየትኛውም እርከን ላይ ቢቆም ከስድስት አባላት አምስቱ ከሥራቸው ማንም የሌላቸው ናቸው።

ጋባዦቹ ይህ ሲነሣባቸው ወደ ዕቁብ ይሸሻሉ፤ «ያው የእኛው ዕቁብ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። በዕቁብ የሚዋጣውና የሚወጣው እኩል ነው። መጨረሻ ዕጣ የደረሰውም መጀመሪያ ከደረሰው እኩል ይወስዳል፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ የታወቁ ናቸው። ዕቁብ አዲስ አባል ባይገባም አይፈርስም።

በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ፒራሚዳዊ ሽያጭን ከከለከላቸው ድርጊቶች መካከል አስቀምጦታል፤ ሸማቹ ዕቃ በመግዛቱ ወይም ገንዘብ በማዋጣቱ፣ ባስገባቸውም ሰዎች ቁጥር ልክ ጥቅም ያገኛል እያሉ መሸጥ ማለት ነው። ፍራንቻይዝ በበኩሉ በአብዛኛው የሚደገፈው በውል ሕግና፣ የምልክት ባለቤት ለሌላ ፈቃድ እንዲሰጥ በሚያስችለው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ላይ ነው።

ፍራንቻይዝም ቢሆን የዋህ አይደለም። ሮያሊቲው የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ በመሆኑ ባለሱቁ በከሰረበት ወርም ይከፍላል። ስሙ የውጭ ከሆነ ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። የሐዋሳ ነዋሪ ዓሣ ጥብስ ቢወድም መመሪያው ካልፈቀደ ምግብ ዝርዝሩ ላይ አይገባም። የሚጠፋው ገንዘብም ትልቅ ነው፤ ቤት የሚያሸጥ።

የኔትወርኩ ኪሳራ በብር አነስ ይላል። የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዎች ሁልጊዜ እህት፣ የአክስት ልጅ፣ የዶርም ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ ናቸው። ፒዛ ቤት የዘጋ ሰው ምድጃውንና ማቀዝቀዣውን ይሸጣል። ከኔትወርክ የወጣው ወጣት አልጋ ሥር የሚቀረው ግን ግማሹ ያልተከፈተ የሻይና የጥርስ ሳሙና ካርቶን ነው፤ እናቱ ሳሙናውን ለቤት ያወጡታል፣ ሻዩን ማንም አይነካውም።