ፒሮኦ ምንድን ነው?

«በግሪኩ ካየኸው እኮ ቃሉ የገሃነም እሳት ማለት ነው።» ይህችን ነገር ሰሞኑን ደጋግሜ አነበብኳት። የምትጠቀሰው ሁሌም 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥9 ናት፤ «በምኞት ከመቃጠል መጋባት ይሻላልና» የምትለዋ። አንዱ አስተያየት ሰጪ «በምኞት» የሚለው በግሪኩ የለም፣ ስለዚህ ያላገባ ሰው ገሃነም ይገባል ማለት ነው ብሎ ደመደመ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ግሪኩ ላይ ያለችው «ፒሩስታይ» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ «በምኞት»ን የጨመሩት ተርጓሚዎቹ ናቸው። ሁለተኛው ግን ከየት መጣ?

የፒሩስታይ መነሻ ግስ ፒሮኦ ነው፤ እሱም የተገኘው ፒር ከሚለው ስም ነው፣ እሳት። ግሱ የሚነግረን እሳት አንድን ነገር እንዳገኘው ነው፣ በቃ። እሳቱ ምን እንዳደረገው የሚታወቀው ከዙሪያው ነው።

ቅቤ ሲነጠር አስቡት። ድስቱ ይጣዳል፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ይገባል፣ አረፋው ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጠራና አተላው ስር ይቀራል። ከድስቱ ሥር የተማገደው እንጨት ግን በዚያው እሳት አመድ ሆኗል። ትንሽ ዘወር ካላችሁ ደግሞ ቅቤው ራሱ ያርራል። እሳቱ አንድ ነው፤ ያገኘው ነገርና የቆየበት ጊዜ ነው የሚለየው።

ፒሮኦም እንደዚሁ ነው። ራእይ 3፥18 ላይ ወርቁ «በእሳት የነጠረ» የተባለው በዚሁ ግስ ነው፤ አንጥረኛ የምንለውም ስሙን ያገኘው ከማንጠር ነው። 2ኛ ጴጥሮስ 3፥12 ላይ ሰማያት የሚቃጠሉትም በዚሁ ግስ ነው፣ እንጨቱ ይሄ ነው። ራእይ 1፥15 ላይ ደግሞ በእቶን ስለነጠረው ናስ ሲናገር እናገኘዋለን፤ እዚያ ግን የእጅ ጽሑፎቹ በቃሉ መጨረሻ ፊደላት ስለሚለያዩ፣ የጋለው እቶኑ ይሁን ናሱ ወይስ እግሮቹ ገና ያከራክራል።

ከሁሉ የምወዳት 2ኛ ቆሮንቶስ 11፥29 ናት። ሌላው ሲሰናከል ጳውሎስ «እኔም አልናደድምን?» ይላል። ግሱ ያው ፒሮኦ ነው። ታዲያ እዚህም ገሃነም ልንል ነው? ተርጓሚው «ተናደደ»ን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ንዴት የሚወጣው ከነደደ ነውና፤ ግሪኩ ሰውን በእሳት ቋንቋ ሲገልጸው አማርኛችንም ከጥንት ያንኑ መንገድ ሄዷል። ከግሱ የወጣውን ፒሮሲስ የሚለውን ስም ብንወስድም 1ኛ ጴጥሮስ 4፥12 ላይ የመከራ ፈተና ነው፣ ራእይ 18፥9 ላይ የባቢሎን ቃጠሎ ነው፣ ዛሬ በሕክምና ደግሞ የቃር ስም ነው።

ወደ 7፥9 ስንመለስ፣ ከቃሉ በፊት የቆመው ሐረግ ራስን ስለ መግዛት ነው የሚያወራው። ግሱም እየቀጠለ ያለን ነገር በሚያሳይ መልክ ነው የተጻፈው፣ እየነደዱ መኖር እንደማለት። ስለዚህ «በምኞት» ብለው የጨመሩት ተርጓሚዎች ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የፍርድ እሳት ነው ብለው የተከራከሩ ምሁራን መኖራቸውን አልክድም፤ እነሱ ግን ሌሎች ክፍሎችን አስተያይተው ነው እንጂ ቃሏን ብቻዋን መዝዘው አይደለም። ያላገባ ሁሉ ገሃነም ይገባል ያልከው ወንድሜ ደግሞ፣ እባክህ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ውጣ። ቁጥር 8 ላይ ጳውሎስ ላላገቡትና ለመበለቶች እንደ እሱ ሳያገቡ ቢኖሩ መልካም እንደሆነ ይነግራቸዋል።