በትንሽ ገንዘብ የኮራል ገንዳ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ሳሎኔ ውስጥ፣ ከሶፋው ጎን፣ 75 ሊትር የጨው ውሃ አለ። ውስጡ ድንጋይ፣ ሁለት ዓሣ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችና ቀስ ብለው የሚያድጉ ኮራሎች አሉ። የምኖረው ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በኪራይ አፓርታማ ነው። ቤቴ የመጣ እንግዳ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከመስታወቱ ዞር አይልም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ሁሌ ያው ነው፦ «ይሄ ነገር ስንት ሺህ ዶላር ፈጀ?»

ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ኮራል ተክል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ግን እንስሳ ነው። ሰውነቱ ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ አልጌ ከብርሃን ምግብ ያዘጋጅለታል። ይህን በዓይኑ አይቶ «እኔም በኖረኝ» የሚል ሞልቷል። ብዙውን ጊዜ የሚያስቀረው የሰማው ወሬ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ የተሳሳተውን ይዞ ይጀምርና እንስሳቱ ያልቁበታል። እኔ የምፈራው ይሄኛውን ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«የሀብታም ነገር ነው»

ገንዳውን ከነመቆሚያው ቤት ከሚቀይር ሰው በ40 ዶላር ነው የገዛሁት። ከመክፈሌ በፊት ውሃ ሞልቶ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ይህን አትተዉ። ድንጋዩን ደረቁን ገዛሁ፤ ከባህር ከወጣው፣ ደቃቅ ሕይወት ካለበት «ሕያው ድንጋይ» በጣም ይረክሳል። የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ ዕቃ)፣ ሪአክተር፣ በስልክ የሚታዘዝ ፓምፕ ያሳዩዋችኋል። መጥፎ ዕቃዎች አይደሉም። ግን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1961 ጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ ኮራልን ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያኖር ጽፎ አሳትሟል። የነበረው ሕያው ድንጋይ፣ የባህር ውሃ፣ የፀሐይ ብርሃንና ትንሽ አረፋ የሚነፋ የአየር ቱቦ ነው። ሥራውን የሚሠራው ድንጋዩ ላይ ያለው ሕይወት ነበር። እርግጥ ነው፣ እሱ ባህሩ ደጁ ነበር። እኛ ያንን በውሃ ቅያሪ እናካክሳለን። ትንሽ ገንዳ ላይ በየሳምንቱ 10 በመቶውን ውሃ መቀየር የስኪመሩን ሥራ ይሠራል።

ታዲያ ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታም አለ። አንደኛው ማሞቂያው ነው። ርካሽ ማሞቂያ እንደበራ ይጣበቅና ሌሊቱን ሙሉ ውሃውን ያፈላዋል። ሙቀቱን ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚያጠፋና የሚያበራ ለብቻው የሆነ መቆጣጠሪያ ግዙለት። ሁለተኛው ሪፍራክቶሜትር ነው፤ ጨውን የምትለኩበት። ራሱ ውድ አይደለም። ግን 35 (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው፣ የባህር ውሃ ልክ) ተብሎ በተዘጋጀው መለኪያ ፈሳሽ ካላስተካከላችሁት ይዋሻል።

በተረፈ ኤሌክትሪክ። የእያንዳንዱ ዕቃ ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይንጠልጠል። በገመዱ የሚወርድ ጠብታ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ይሄ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

«ጨው ያው ጨው ነው»

አይደለም። የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው፤ በዚያ ላይ አዮዲንና እንዳይጓጉል የሚጨመርበት ነገር አለ። በባህር ውሃ ውስጥ ግን በአንድ ሊትር ወደ 1,300 ሚሊግራም ማግኒዥየምና ከ400 በላይ ካልሲየም ይገኛል። ፖታሲየምም፣ ሰልፌትም፣ ባይካርቦኔትም አለው። ድንጋያማ ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየሙና ከባይካርቦኔቱ ነው። ለአኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው ግዙ፤ በትልቅ ባልዲ ሲገዛ ይረክሳል።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። እኔንም ያሳሳተኝ እሱ ነው። ውሃው ሲቀንስ ምን ይጨመራል? «የጨው ገንዳ ስለሆነ የጨው ውሃ» ብዬ አሰብኩ። ክረምት ነበር፤ የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል። በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይቀንሳል። እኔም ከባልዲው የጨው ውሃ እየቀዳሁ እሞላለሁ። እንዲህ መሙላት በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቀንድ አውጣዎቹ ሁሉ ከውሃው በላይ ወጥተው መስታወቱ ጫፍ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። ኮራሎቹ እንደ ጡጫ ተጨብጠዋል። ስለካው 35 መሆን የነበረበት 40 ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል።

ነገሩ ግልጽ ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። አፋር ላይ አሞሌ የሚቆረጥበትን ሜዳ አስቡት። ቀይ ባህር ወደ ደናክል ዝቅታ ገብቶ ነበር፤ ከባህሩ ሲለይ ውሃው ተነነ፣ ጨው ግን ቀረ። እዚያው ዝቅታ ዳር ዳር ላይ ባህር በነበረ ጊዜ የበቀለ፣ አሁን ድንጋይ የሆነ የኮራል ቅሪት ዛሬም ይታያል። የእኔ ገንዳ ላይም የሆነው ያው ነው፤ የገንዳው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ስለዚህ የተነነው የሚተካው በንጹህ፣ ጨው በሌለው ውሃ ነው። የጨው ውሃ የሚገባው ውሃ ስትቀይሩ ብቻ ነው። አሁን መስታወቱ ላይ ቀጭን ፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዴ በፊት እስከዚያች መስመር ድረስ እሞላለሁ።

«የቧንቧ ውሃ አፍልቼ ባቀዘቅዘውስ?»

የቧንቧ ውሃ መዳብ ሊኖርበት ይችላል፤ ማፍላት መዳብ አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። መዳብ ደግሞ በትንሽ መጠንም ቢሆን ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይገድላል። ፎስፌትና ናይትሬትም ካለበት አልጌ ይቀልባል። «ባልዲ ውስጥ ላሳድረው» የሚሉም አሉ። ለክሎሪን ይሠራል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ግን ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን በማሳደር በቀላሉ አይለቅም።

መፍትሔው በአርኦ (ውሃን በረቂቅ ስስ ሽፋን ገፍቶ በሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ነው። ማጣሪያውን መግዛት ካቃተ በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ ማሽን አለ፤ ጋሎን ይዞ ሄዶ መቅዳት ነው። ነገር ግን ማሽኖቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። ቲዲኤስ መለኪያ የምትባል፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የምትለካ፣ እስክሪብቶ የምታህል ዕቃ ግዙ። ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ካላነበበች ከሌላው ቅዱ።

«ገንዳው ካነሰ ይቀላል»

ይከብዳል። 20 ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር ሲተን ጨው ወዲያው ይለዋወጣል። አንድ የሞተ ቀንድ አውጣ ውሃውን በሙሉ ይበክላል። ለጀማሪ ከ75 እስከ 150 ሊትር ያለው ይሻላል፤ ስህተት ሲሠራ ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል።

«ውሃው ከጠራ ዓሣ ይገባል»

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ገንዳው ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ድንጋይና አሸዋ ብቻ። ማታ ማታ እየመጣች ታየዋለች። «ልጄ፣ ለድንጋይ ነው መብራት የምታበራው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ድንጋዩ ውስጥ እኮ ነፍስ እየገባ ነው» ብዬ አስረዳኋት። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ድንጋዩ ላይ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ሲራባ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬት በመጠኑ ብዙም አይጎዳም፤ በውሃ ቅያሪ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ እስኪሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ትንሽ አሰበችና «እንደ እርሾ በለኛ! ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ አይጣድም» አለች። ከዚያ ወዲህ ለጀማሪ የማስረዳው በእሷ አባባል ነው።

መቡካቱ የሚታወቀው በዓይን አይደለም፤ ውሃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥርት ያለ ነው። በመመርመሪያ ጠብታ ነው የሚታወቀው። ለመጀመር አንዲት ጥሬ ሽሪምፕ ገንዳው ውስጥ ትበስብስ። አሞኒያው ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ናይትራይትም እንዲሁ። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲቀር ውሃ ቀይሩና የመጀመሪያዋን ዓሣ አስገቡ። አንዷን። በዚያ ሰሞን አሸዋው ቡናማ ከለበሰ አትደንግጡ፤ ደቂቅ አልጌ ነው፣ በሳምንታት ውስጥ ይሄዳል።

«ብርቱካናማዋ ዓሣ ያለ አኔሞን አትኖርም»

ክላውንፊሽን ማለታቸው ነው፤ አኔሞን ደግሞ እሷ የምትጠለልበት፣ አበባ የሚመስል የባህር እንስሳ ነው። ያለ አኔሞን ደህና አድርጋ ትኖራለች። አኔሞን ግን የቆየ ገንዳና ጠንካራ ብርሃን ይፈልጋል፤ ጀማሪ ገንዳ ላይ ይሞታል፣ ሲሞትም ውሃውን ያበላሻል። ክላውንፊሽ ስትገዙ ከባህር ያልተያዘች፣ በእርባታ የተፈለፈለች መሆኗን ጠይቁ፤ እንደ ልብ ትገኛለች። በደንብ ከተያዘች ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። ሰማያዊዋን ታንግ ግን ተዉአት። ሱቅ ውስጥ የጣት ታክላለች፤ ስታድግ 30 ሴንቲሜትር ትደርሳለች።

«ኮራል በራሱ ውድ ነው»

ውድ የሆነ አለ፤ የጥፍር ታህል ቁራጭ በመቶዎች ዶላር የምትሸጥበት ጊዜ አለ። ለጀማሪ ግን ጥሩዎቹ ርካሾቹ ናቸው። እንጉዳይ ኮራል፣ ዜኒያ፣ ዞአንቲድ፣ ግሪን ስታር ፖሊፕ። ለስላሳ ስለሆኑ የውሃ መለዋወጥን ይችላሉ፤ መጠነኛ ሰማያዊ ብርሃን ያለው ርካሽ ኤልኢዲም ይበቃቸዋል። ቶሎ ስለሚባዙ ያላቸው ሰዎች ቦታ ይጠብባቸዋል። ሰፈራችሁ ያሉ አሳዳጊዎችን ጠይቁ፤ ፍራግ የሚሉትን ቁራጭ በጥቂት ዶላር፣ አንዳንዴም በነጻ ይሰጧችኋል። የእኔ ዜኒያ የመጣችው እንዲህ ነው። እጆቿን ቀኑን ሙሉ ትከፍታለች ትዘጋለች። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ የማየው እሷን ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልናገር። ከዞአንቲድና ከዘመዱ ከፓሊቶዋ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ስትቆርጡ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። እነሱ ያሉበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፣ በፈላ ውሃም አትጠቡ። በእንፋሎቱ ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል የገባበት አጋጣሚ አለ። ርካሽ ስለሆነ አደጋ የለውም ማለት አይደለም።

«ከጅቡቲ ወይ ከጅዳ ባህር ዳር ቁራጭ ላምጣልህ?» ያለኝ ዘመድም አለ። አመስግኜ እምቢ አልኩ። ድንጋያማ ኮራሎች ሁሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር አይሻገሩም። ደግሞስ ሻንጣ ውስጥ የሚተርፍ ነገር የለም።

«ሳምንታዊ መድኃኒት ካልጨመሩ ያልቃሉ»

ለስላሳ ኮራል ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ የውሃ ቅያሪው የጎደለውን ይተካል። ድንጋያማ ኮራል ሲበዛ አልካሊኒቲ (በዋናነት የውሃው ባይካርቦኔት) ይወርዳል። ያኔ የወጥ ቤቱ ቤኪንግ ሶዳ ያነሳዋል፤ በውድ ጠርሙስ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ከእሱ የራቀ አይደለም። ቤኪንግ ፓውደር ግን አይደለም፣ ልዩነቱን አጣሩ። ሳትለኩ ምንም አትጨምሩ፤ ስትጨምሩም በጥቂት በጥቂቱ።

ባለፈው ቅዳሜ ታች ፎቅ የሚኖር ልጅ መጣ። ገንዳው ስድስት ሳምንት ቦክቷል፤ ምርመራውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ አሳየኝ። ከዜኒያዋ አንዲት ቅርንጫፍ በመቀስ ቆርጬ፣ ከራሷ ውሃ ጋር ክዳን ባለው የእርጎ ዕቃ ውስጥ አደረግሁለት። ውጭ ብርድ ነበር። እንዳይቀዘቅዝባት ጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ይዟት ደረጃውን ቀስ ብሎ ወረደ።