የዓለም ዋንጫ ይፋዊ ዘፈን ምንድን ነው?

የዓለም ዋንጫ ይፋዊ ዘፈን የሚባለው ፊፋ ለአንድ ውድድር ብሎ የሚያሠራው ወይም መርጦ የሚያጸድቀው፣ በሥነ ሥርዓቶች ላይ የሚቀርብና በዚያ ሰሞን ከየቴሌቪዥኑ የማይጠፋ ሙዚቃ ነው። ቡድኖች ወደ ሜዳ ሲገቡ ለዓመታት ይሰማ የነበረው ግጥም አልባው የፊፋ መዝሙር ለአንድ ውድድር ብቻ የተሠራ ስላልሆነ ከዚህ ይለያል። በአማርኛ "መዝሙር" የሚለው ቃል ከሰንደቅ ዓላማና ከቤተ እምነት ጋር የተቆራኘ በመሆኑም፣ ሰዉ "የዓለም ዋንጫ ዘፈን" ማለቱ ተገቢ ይመስለኛል።

ዘፈኑን ተወዳጅ የሚያደርገው በመጀመሪያ አዝማቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኮሎምቢያዊቷ ሻኪራ ፍሬሽሊግራውንድ ከተባለው የደቡብ አፍሪካ ባንድ ጋር የተጫወተችው "ዋካ ዋካ" አዝማቹን ያገኘው፣ የካሜሩኑ ጎልደን ሳውንድስ በ1986 ከሠራው ዘፈን ነው። የዚህ ቡድን አባላት የፕሬዚዳንቱ ጠባቂ ወታደሮች ነበሩ፤ ስለዚህም ዜማው የሰልፍ እርምጃ አለው፤ አንዱ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል። ይህ አውራጅና ተቀባይ ያለው አዘፋፈን ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቃላቱን ትርጉም የማያውቅ ሕፃን እንኳ ሁለት ጊዜ ከሰማ በኋላ በሦስተኛው እያጨበጨበ ይቀበላል፤ ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ በአንድ ስታዲየም ሲሰበሰብ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ለአፍሪካ የመጀመሪያ ለሆነው የዓለም ዋንጫ አፍሪካዊ ድምፃዊ ለምን አልቀደመም ብለው የተቆጡ ነበሩ፤ ቅሬታቸው እውነት ነበረው፤ ሆኖም የዜማው ሥር ከአህጉሩ መብቀሉ ዘፈኑን ባለቤት አላሳጣውም።

ሁለተኛው ምክንያት ትዝታ ነው፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠውም እርሱን ነው። ጣሊያናውያኑ ድምፃውያን ጂያና ናኒኒና ኤዶአርዶ ቤናቶ ጣሊያን ላስተናገደችው የ1990 ውድድር የተጫወቱት፣ ጆርጂዮ ሞሮደር ያቀናበረው ዘፈን ስለዚያ በጋ አስደናቂ ሌሊቶች ይናገራል። ጣሊያን በገዛ አገሯ፣ ኔፕልስ ላይ፣ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሳ በፍጹም ቅጣት ምት በአርጀንቲና ተሸነፈች። ዘፈኑ ግን ከሽንፈቱ ጋር አልተቀበረም፤ ሰዉ የያዘው ውጤቱን ሳይሆን በየአደባባዩ ተቃቅፎ ያመሸባቸውን ሌሊቶች ነበርና። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2021 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ፣ የጣሊያን ተጫዋቾችና ደጋፊዎች ያንኑ ዘፈን እየዘፈኑ እስከ ዋንጫው ደረሱ። ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ በ1990 ገና አልተወለዱም ነበር።