«ታማሚ ምን ያውቃል?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

አንድ ሰው ስለ ራሱ ሕመም የሚናገረው ነገር በጾታው፣ በቆዳ ቀለሙ፣ በዕድሜው ወይም በአእምሮ ሕመም ታሪኩ የተነሳ ችላ ሲባል፣ ፈላስፎች የዕውቀት ኢፍትሃዊነት ይሉታል። ስለዚህ ነገር ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«የጨዋነት ጉዳይ ነው፤ ሐኪሙ ትሁት ከሆነ ይበቃል»

አይበቃም። በፈገግታ ተቀብሎም የተነገረውን ከቁም ነገር አለመቁጠር ይቻላል። ታዋቂዋ አሜሪካዊት የቴኒስ ተጫዋች ሴሪና ዊሊያምስ በ2017 እ.ኤ.አ. ከወለደች በኋላ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ቀደም ሲል ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶባት ስለነበር ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ሲቲ ስካንና ደም ማቅጠኛ እንደሚያስፈልጋት ለነርሷ ነገረቻት። ራሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ ነርሷ የሕመም ማስታገሻው ያምታታት መስሏት ነበር። መጀመሪያ እግሯን በአልትራሳውንድ አዩት፣ ምንም የለም። ሲቲ ስካን ስትነሳ ግን የረጋው ደም ሳንባዋ ውስጥ ተገኘ። እሷ እንኳ ይህን ያህል መከራከር ካስፈለጋት፣ ማንም የማያውቃት እናትስ?

«እውነተኛ ሕመም ከሆነ በምርመራ ይታያል»

ብዙ ሰው የጎዳው ይሄኛው ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስን እንይ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን ይይዛል። አልትራሳውንዱ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ «የወር አበባ ሁሉንም ያማል፣ ቻይው» እየተባሉ፣ የያዛቸውን ነገር ስም እስኪሰሙ ዓመታት ያልፋሉ።

መሣሪያም ይሳሳታል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት መሠረት፣ የጥቁር ታማሚዎችን የኦክስጅን እጥረት ሳያሳይ የሚያልፈው ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። «ትንፋሽ አጠረኝ» ያለን ሰው «ቁጥሩ ጥሩ ነው» ብሎ መመለስ እንግዲህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አስቡት።

«ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሐኪሞች ናቸው»

እንደዚያ ቢሆንማ ቀላል ነበር። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ፣ አራስ ሕፃናት ሕመም እንደ ትልቅ ሰው አይሰማቸውም በሚል እምነት ብዙዎቹ በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ቢላዋውን የያዙት ልጆቹን ለማዳን የሚለፉ ሰዎች ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናትም፣ ከተጠየቁት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንቶች (ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ግማሽ ያህሉ «የጥቁር ሰው ቆዳ ወፍራም ነው» እንደሚለው ያለ ቢያንስ አንድ ሐሰት ተቀብለው ተገኝተዋል፤ እነዚሁ ሰዎች የጥቁር ታማሚን ሕመም አሳንሰው ይገምቱ ነበር። ክፋት አያስፈልግም፣ ሳይመረመር የተወረሰ እምነት በቂ ነው።

«ታማሚን ማመን ያለውን ሁሉ መፈጸም ነው»

አይደለም። ታማሚው የሚሰማውን ያውቃል፣ መንስኤውን ግን ላያውቅ ይችላል። ስለጠየቀ ብቻ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ አይታዘዝለትም።

«የሐኪም ቤት ችግር ብቻ ነው»

ፖሊስ ጣቢያም፣ ፍርድ ቤትም፣ መሥሪያ ቤትም አለ። የደረሰብንን ነገር የምንገልጽበት ስም ማጣትም የዚሁ ኢፍትሃዊነት ሌላ መልክ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዲት አሜሪካዊት ሠራተኛ የአለቃዋን ትንኮሳ መቋቋም አቅቷት ሥራዋን ለቀቀች። የሥራ አጥ አበል ስትጠይቅ ግን የደረሰባትን የምትገልጽበት ቃል አጣች፤ «የግል ምክንያት» አለች፣ ጥያቄዋም ውድቅ ሆነ። «ወሲባዊ ትንኮሳ» የሚለውን መጠሪያ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጡት እሷና አብረዋት የተሰባሰቡ ሴቶች ናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ.ም «ሎንግ ኮቪድ» (ከኮቪድ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕመም) የሚለውን ስም ያወጡት፣ «አገግማችኋል» ሲባሉ አለማገገማቸውን የሚያውቁት ታማሚዎች ራሳቸው ናቸው። ተመራማሪዎች ስሙን የተቀበሉት ከእነሱ ነው።